ጥቁሩን ጨዋማ ከረሜላ ቤት ውስጥ መሥራት፦ የሳልሚያክ ላክሪትስ አሠራር

«ያ ጥቁሩ፣ ጨው ጨው የሚለው ከረሜላ ቤት ውስጥ ይሠራል እንዴ?» ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ልደት ላይ እጠየቃለሁ። ክርስትና ላይ እጠየቃለሁ። አንዴ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። በየጊዜው በስልክ ከማስረዳት አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይህን ልላክ አልኩ።

የምኖረው ስዊድን ነው። እዚህ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ከረሜላውን ያውቀዋል። ልጆቹ ቅዳሜ ሲሆን ከሱፐርማርኬት በከረጢት ዘግነው ያመጡታል። እኛ አንዱን ቀምሰን ፊታችንን እናጨማድዳለን። «ይሄማ መድኃኒት ነው» እንላለን። ትንሽ ቆይቶ እጃችን ሳናውቀው ወደ ከረጢቱ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ መሥራት የሚፈልጉት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ የጄላቲን ነገር የሚያሳስባቸው ናቸው። ብዙ የሱቅ ከረሜላ ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲኑም ብዙ ጊዜ ከአሳማ የተሠራ ነው። ሁለተኞቹ ጾም ሲገባ የሚበላ ጣፋጭ የሚቸግራቸው ናቸው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ጄላቲን የለውም። የጾሙንም መንገድ አብሬ አሳያለሁ።

መጀመሪያ ጨዉን እንለይ

የዚህ ከረሜላ ጨው የወጥ ጨው አይደለም። ሳልሚያክ ይባላል። የኬሚስትሪ ስሙ አሞኒየም ክሎራይድ ነው፤ ኢ510 በሚለው ቁጥርም ይታወቃል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «አሞሌ ነው እንዴ?» አለችኝ። አሞሌማ ያው የወጥ ጨው ነው። ሳልሚያክ ሌላ ነው። ምላስ ላይ ጨው ይላል፣ መረር ይላል፣ መጨረሻ ላይ አፍንጫ ነካ ያደርጋል። በእሱ ፋንታ የወጥ ጨው ብትጨምሩ የሚወጣላችሁ ጨው የበዛበት ካራሜል ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግዢው ላይ ነው። ስማቸው የሚመሳሰል፣ ነገር ግን የማይሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ስዊድን ውስጥ በየሱፐርማርኬቱ የዱቄት መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ዩትሁርንሳልት ነው። እሱ ብስኩት የሚነፋበት አሞኒየም ካርቦኔት ነው። ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን «ያው አሞኒየም አይደል» ብዬ የፈላ ሽሮፕ ላይ ነሰነስኩት። ድስቱ አረፋ ደፍቆ ምድጃው ላይ ገነፈለ፤ ቤቱ በአሞኒያ ሽታ ታፈነ። ጥር ወር ላይ መስኮት ሁሉ ከፍተን፣ ጋቢ ተከናንበን አመሸን።

ሁለተኛው ሳልሚያክስፕሪት የሚባለው ፈሳሽ ነው። እሱ የጽዳት አሞኒያ ነው፤ መርዝ ነው። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ እንዳትወስዱት።

ሦስተኛው ለብረት ብየዳ ወይም ለላቦራቶሪ የሚሸጠው አሞኒየም ክሎራይድ ነው። ቅመሙ አንድ ነው፤ ንጽሕናው ግን ለምግብ ተብሎ የተጠበቀ አይደለም። የምትገዙት ማሸጊያው ላይ ለምግብ እንደሚሆን የተጻፈበት መሆን አለበት። የኬክና የከረሜላ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ፤ በኢንተርኔትም ይሸጣል። ኔዘርላንድ ያላችሁ፣ ሳልሚያክ ፓውደር የሚባለው ብዙ ጊዜ ስኳርና ላክሪትስ የተደባለቀበት ስለሆነ ንጥረ ነገሩን አንብቡ። የተደባለቀ ከሆነ የእኔ ልኬት አይሠራላችሁም።

ላክሪትሱስ?

ላክሪትስ ወይም ሊኮሪስ የአንድ ተክል ሥር ነው። ዓረብ አገር የሠራችሁ እርቅ ሱስ በሚባለው መጠጥ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው ጣዕሙን ከእንስላል ጋር ያምታታዋል፤ ከረሜላ ውስጥ የአኒስ ዘይት አብሮ ስለሚጨመር ነው። የላክሪትስ የራሱ ጣፋጭነት የሚመጣው ግሊሲሪዚን ከሚባል ነገር ነው። እሱ ከስኳር 30 እስከ 50 እጥፍ ይጣፍጣል፤ ምላስ ላይም ይቆያል።

ሁለት ዓይነት ዱቄት ይሸጣል። አንዱ ሥሩ እንዳለ ደርቆ የተፈጨ ነው። ቢጫማ ቡናማ ነው፤ ጭረት አለው፤ ከረሜላውን አሸዋ አሸዋ ያሰኘዋል። ሌላው የሥሩ ጭማቂ ወጥቶ፣ ደርቆ የተፈጨ ነው። ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። የሚያስፈልጋችሁ ይሄኛው ነው። ከዓረብ ሱቅ የተገዛውን የሥር እንጨት ቀቅሎ መጠቀም ይቻላል ወይ የሚሉኝ አሉ። ጣዕም ይሰጣል፤ ግን ጥንካሬውን መለካት አይቻልም። ለምን መለካት እንዳለበት ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

ይህን ሳታነቡ ወደ ድስቱ እንዳትሄዱ

ግሊሲሪዚን ሲበዛ ሰውነት ሶዲየምና ውሃ እንዲይዝ፣ ፖታሲየም ደግሞ እንዲያጣ ያደርጋል። የደም ግፊት ይጨምራል፤ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይብላው። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ነፍሰ ጡር እናቶችም ይቅርባቸው፤ የፊንላንድ የምግብ ባለሥልጣን በእርግዝና ወቅት ላክሪትስ በብዛት እንዳይበላ ይመክራል።

ጤነኛ አዋቂም ልክ አለው። በአውሮፓ ኅብረት የሚመከረው በቀን ከ100 ሚሊ ግራም ግሊሲሪዚን እንዳይበልጥ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቀን 57 ግራም ያህል ጥቁር ላክሪትስ ለሁለት ሳምንት ቢበላ የልብ ምቱ ሊዛባ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ይህን ወደ እኛ ድስት እናምጣው። የላክሪትስ ዱቄታችሁ ማሸጊያ ላይ የግሊሲሪዚኑ መጠን 15% ነው ቢል፣ እኛ በምንጨምረው 12 ግራም ውስጥ 1,800 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። ይህ ለ72 ፍሬ ሲካፈል ለአንዱ 25 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። አራት ፍሬ ስትበሉ የቀኑን ጨርሳችኋል። ማሸጊያው 25% ካለ ግን አንዱ ፍሬ 42 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ልጆች ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነ ከዚህም ያንሱ፤ እኔ ለልጅ ከአንድ ፍሬ በላይ አልሰጥም። በየቀኑ አይበላም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ልኬቱ ሁሉ በግራም ነው። በማንኪያ አትገምቱ፤ በተለይ ሳልሚያኩንና ላክሪትሱን። የሁለቱም የማንኪያ ክብደት እንደ አፈጫጨታቸው ይለያያል። 72 ያህል ፍሬ ይወጣዋል፤ አንዱ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል።

- ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም
- ስኳር፣ 200 ግራም
- ኮንደንስድ ወተት፣ ማለትም ስኳር ያለበት ወፍራሙ የቆርቆሮ ወተት፣ 150 ግራም
- ነጣ ያለ ሽሮፕ፣ 150 ግራም፤ ስዊድን ዩስ ሲራፕ የሚባለው። ግሉኮስ ሽሮፕም ይሆናል
- ሞላሰስ ወይም ጥቁር ሽሮፕ፣ 80 ግራም
- የስንዴ ዱቄት፣ 90 ግራም
- የላክሪትስ ጭማቂ ዱቄት፣ 12 ግራም
- ሳልሚያክ፣ 12 ግራም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 7 ግራም
- ለምግብ የሚሆን ጥቁር የከሰል ቀለም፣ ኢ153፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ካልፈለጋችሁ ይቅር
- የአኒስ ዘይት ሦስት ጠብታ፣ ወይም ደቆ የተነፋ እንስላል አንድ የሻይ ማንኪያ። ይህም ቢቀር ይቀራል
- ለመንስነሻ፦ የዱቄት ስኳር 20 ግራም እና ሳልሚያክ 3 ግራም

ሽሮፑን በስኳር ልተካው የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ሽሮፑ የገባው ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋና አሸዋ እንዳይሆን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁና ሽሮፕ ያጣችሁ ማር ተጠቀሙ፤ ማርም ይህን ሥራ ይሠራል። ጣዕሙ ግን ወደ ማር ያደላል።

ቅቤውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። የተነጠረ የአበሻ ቅቤ አታስገቡ። ኮረሪማና ኮሰረት ከላክሪትስ ጋር አይዋደዱም።

ለጾም፦ በቅቤው ፋንታ 100 ግራም የመጋገሪያ ማርጋሪን፣ በወተቱ ፋንታ 150 ግራም ከኮኮናት ወተት የተሠራ ኮንደንስድ ወተት። ማርጋሪኑ የዳቦ መቀቢያው ለስላሳ ዓይነት አይሁን፤ እሱ ውሃ ይበዛበታል። አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ተዋጽኦ ስላለበት ጀርባውን አንብቡ።

ዕቃዎች

ግራም በትክክል የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን፤ የከረሜላ ቴርሞሜትር፤ ወፍራም መቀመጫ ያለው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ድስት፤ የእንጨት ማማሰያ፤ ወንፊት፤ ሙቀጫ፤ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጋገሪያ፤ የመጋገሪያ ወረቀት፤ የእጅ ጓንት።

ድስቱ አልሙኒየም አይሁን። ሳልሚያክና ሞላሰስ አልሙኒየምን ይበሉታል፤ ከረሜላውም ብረት ብረት ይላል። ድስቱ ከምትገምቱት በላይ ትልቅ ይሁን፤ ቢያንስ 3 ሊትር የሚይዝ። ወተት ያለበት ሽሮፕ ሲፈላ ሦስት እጥፍ ከፍ ይላል።

ቴርሞሜትራችሁን አስቀድማችሁ ፈትኑት። ውሃ አፍልታችሁ ክተቱት። ስቶክሆልም ወይም ጅዳ ከሆናችሁ 100 ዲግሪ ማሳየት አለበት። 98 ካሳየ ከዚህ በታች ከምሰጣችሁ ቁጥር ሁሉ 2 ቀንሱ። አዲስ አበባ ያላችሁ ግን ቴርሞሜትሩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት። እዚያ ከፍታው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ 118 ያልኩት ለእናንተ 110 ነው። ይህን ሳያውቁ 118 ድረስ ያበሰሉ ሰዎች ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ አውጥተው «አሠራርሽ ልክ አይደለም» ብለውኛል።

አሠራር

1. መጋገሪያውን አዘጋጁ። ወረቀቱን ከጠርዙ ወጣ እንዲል አድርጋችሁ አንጥፉና ቅቤ ወይም ዘይት ቀቡት። ይህ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሽሮፑ ከወረደ በኋላ ወረቀት የምትፈልጉበት ጊዜ ስለማይኖራችሁ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል።

2. ሳልሚያኩን አድቅቁ። በሙቀጫ እንደ ዱቄት ስኳር እስኪሆን ውቀጡትና ንፉት። ፍርፍር ከቀረበት አንዱ ጉርሻ ለብ ያለ፣ ሌላው ዓይን የሚያስጨፍን ይሆናል። ስትወቅጡ ፊታችሁን አርቁ፤ ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። ከደቀቀ በኋላ መዝኑ፤ ከዚያ በፊት የመዘናችሁት ወንፊቱ ላይ የቀረውን ይጨምራል። ለመንስነሻ የሚሆነውን 3 ግራም ለብቻው አስቀምጡ። የቡና መፍጫችሁን ግን አትንኩ። ጨዉ ምላጩን ያዝገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈላው ቡና ምን እንደሚል እናንተው አስቡት።

3. ዱቄቱን አምሱት። የስንዴ ዱቄቱን በደረቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ አምስት ደቂቃ ያህል እያማሰላችሁ አምሱ። ቀለሙ ሳይለወጥ ሽታው የታመሰ ሲል ይበቃል። ይህ ከረሜላው ጥሬ ጥሬ እንዳይል ነው። ሲበርድ ከላክሪትሱ ዱቄትና ከጥቁሩ ቀለም ጋር አንድ ላይ ንፉት። ላክሪትስ ብቻውን ትኩስ ነገር ላይ ሲያርፍ ይጓጉላል፤ ዱቄቱ በመካከሉ ገብቶ ይበታትነዋል። ጓንት አድርጉ። ቀለሙ ጥፍር ውስጥ ከገባ ሦስት ቀን አይለቅም።

ስለ ቀለሙ ካነሳን አይቀር፣ ያለ እሱ ከረሜላው ጥቁር ቡናማ ነው የሚሆነው። ጣዕሙ አይቀንስም። የጥቁር ሱስ ከሌላችሁ ተዉት። ፋርማሲ የሚሸጠውን አክቲቭ ከሰል ግን በእሱ ቦታ አታስገቡ፤ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዝ ነው።

4. ቅልጡን ጀምሩ። ቅቤውን በትንሽ እሳት አቅልጡ። ስኳሩን፣ ሁለቱን ሽሮፖችና ኮንደንስድ ወተቱን ጨምሩ። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ እሳቱን አትጨምሩ። ጠብታውን በሁለት ጣት አሹት፤ ቅንጣት ከተሰማችሁ ገና ነው። በድስቱ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ስኳር በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉት። አንዲት የስኳር ቅንጣት ከጠርዙ ተመልሳ ከወደቀች ሌላውን ሁሉ ወደ ቅንጣት ትጎትተዋለች፤ በማግሥቱ ከረሜላችሁ አሸዋ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

5. አብስሉ። አሁን እሳቱን መካከለኛ አድርጉና ማማሰል ጀምሩ። ማቆም የለም። እንደ ገንፎ ከሥሩ እየጠረጋችሁ አማስሉ። ወተቱ ከሥር በቀላሉ ያርራል፤ ያረረው ደግሞ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይንሳፈፋል። ስልክ ቢጠራ አታንሱ። መፍላት ከጀመረ በኋላ 15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ቴርሞሜትሩ 105 አካባቢ ሲደርስ የቆመ ይመስላል። ውሃው እየተነነ ነው፤ ታገሡ። እሳት ጨምራችሁ ለማፍጠን አትሞክሩ።

118 ዲግሪ ሲደርስ ወዲያው አውርዱ። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ይፈትን። ትንሽ ሽሮፕ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጉ። በጣት ሲሰበሰብ ቅርጹን የሚይዝ፣ ሲጫኑት ግን እጅ የሚሰጥ ኳስ ከሆነ ደርሷል። ኳሱ ከተንጣለለ ገና ነው። ከጠነከረ አልፏል።

ማስጠንቀቂያ፦ የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ የባሰ ነው። ሙቀቱ ይበልጣል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ልጆች ከወጥ ቤት ይውጡ። ከተቃጠላችሁ ለመላጥ አትሞክሩ፤ ለብ ባለ ወይም ቀዝቀዝ ባለ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙት።

6. ዱቄቱን ጨምሩ። ድስቱን ካወረዳችሁ በኋላ አረፋው እስኪተኛ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ዱቄት፣ ላክሪትስና ቀለም ያለበትን ድብልቅ በሦስት ጊዜ ጨምሩ፤ በየመሐሉ በደንብ አሹት። አንዴ ከደፋችሁት ይጓጉላል። አሁን ድብልቁ ከድስቱ ግድግዳ እየለቀቀ ይመጣል።

7. ሳልሚያኩ መጨረሻ ላይ ይገባል። የአሠራሩ ቁልፍ ይህች ናት። ሳልሚያክ ከሽሮፑ ጋር አብሮ ሲፈላ አሞኒያ እየለቀቀ የቀረው አሲድ ይሆናል። አሲዱ ወተቱን ይቆርጠዋል፤ ስኳሩንም ይሰብረዋል፤ ከረሜላው መቼም የማይደርቅ ተጣባቂ ይሆናል። ስለዚህ እሳት ላይ እያለ አይገባም። ዱቄቱ ከተዋሃደ በኋላ ሳልሚያኩን በወንፊት ከላይ ነስንሱና በፍጥነት፣ አንድ ደቂቃ ያህል አማስሉ። የአኒሱን ዘይት ወይም እንስላሉን አሁን ጨምሩ። ፊታችሁን ከእንፋሎቱ ዘወር አድርጉ፤ መስኮትም ይከፈት።

እዚህ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በጭራሽ አታስገቡ። ብዙ የካራሜል አሠራር «መጨረሻ ላይ ሶዳ» ይላል፤ ልማድ ሆኖባችሁ እጃችሁ እንዳይሳሳት። ሶዳ ከሳልሚያክ ጋር ሲገናኝ አሞኒያ ያወጣል። ያ የጥር ወር ታሪኬ በእናንተ ይደገማል።

8. ገልብጡ። ወደ መጋገሪያው በአንዴ ገልብጡት። ድስቱ ሥር የቀረውን አትፋቁ፤ ያረረው እዚያ ነው ያለው። ልጆቹ ድስቱን ካልላስን ካሉ በርዶ ይሁን፤ ያችም ከአንድ ፍሬያቸው ትቆጠራለች። ላዩን በተቀባ ማንኪያ ጀርባ አስተካክሉ።

9. አቀዝቅዙ። ሦስት አራት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ፍሪጅ አታስገቡት። ከፍሪጅ ሲወጣ እርጥበት ይለብሳል፤ ሳልሚያክ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ላዩ ያልባል፤ መንስነሻውም ይሟሟል።

10. ቁረጡ። በወረቀቱ ይዛችሁ አውጡትና ዘይት በተቀባ ቢላዋ ባንዱ ወገን 8፣ በሌላው 9 አድርጋችሁ ቁረጡ። ቢላዋውን እንደ መጋዝ አትሳቡ፤ ከላይ ወደ ታች ተጫኑት። መቀስም ጥሩ ይሠራል።

11. ነስንሱና ጠቅልሉ። የዱቄት ስኳሩንና የቀረውን 3 ግራም ሳልሚያክ ደባልቁ። ፍሬዎቹን አንከባልሏቸውና ትርፉን አራግፉ። ለልጆች የምትለዩትን በስኳሩ ብቻ ነስንሱ፤ ምላስ መጀመሪያ የሚነካው ላዩን ስለሆነ ጨዉ እዚያ ላይ እጥፍ ይሰማል። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዙ። ሳይጠቀለሉ አንድ ዕቃ ውስጥ ከገቡ በማግሥቱ ወደ አንድ ትልቅ ከረሜላ ይለወጣሉ።

ጨዉን ስንት ላድርገው?

12 ግራም ሳልሚያክ ከጠቅላላው ክብደት 1.6% ያህል ነው። 7 ግራም ወደ 1% ይጠጋል፤ ለጀማሪ እሱ ይበቃል። ከ15 ግራም አትለፉ፤ ይህም 2% ነው። ጀርመን ከ2% በላይ ሳልሚያክ ያለበት ላክሪትስ የአዋቂዎች መሆኑ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ታስገድዳለች። በኖርዲክ አገሮች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ይሸጣል፤ ያን ያህል የምትወዱ ከሆነ ድብልቁን አትንኩት፤ መንስነሻው ላይ ትንሽ ጨምሩ። አንዴ ድብልቁ ውስጥ የገባ ጨው አይወጣም። መንስነሻን ግን ማራገፍ ይቻላል።

የተለመዱ ስህተቶች

ከረሜላው ቅርጹን አልያዘም፣ ይንጣለላል። በደንብ አልበሰለም፤ ብዙ ጊዜ ከ116 ዲግሪ በታች ወርዷል። መልሶ ማብሰል አይመከርም፤ ሳልሚያኩ ገብቷልና። በድንች ስታርች አንከባልላችሁ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና ከዚያው እያወጣችሁ ብሉ። እርጥበት ሳይለብስ ቶሎ ካለቀ ፍሪጁ አይጎዳውም።

ድንጋይ ሆነ። አልፏል። ከ124 በላይ የሄደ ከረሜላ ዱቄቱ ሲገባ ይብሳል። ሰባብራችሁ እንደሚመጠጥ ከረሜላ ጠቅልሉት። የጥርስ ሥራ ያለበት ሰው እንዳያኝከው ንገሩት።

ቅቤው ተለይቶ ላይ ተንሳፈፈ። እሳቱ በዝቷል፣ ወይም ማማሰል ቆሟል። ገና እሳት ላይ እያለ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ በኃይል ምቱት፤ ይመለሳል። ከተገለበጠ በኋላ ከሆነ ዘይቱን በወረቀት ምጠጡት። ይበላል።

አሸዋ አሸዋ ይላል። ወይ ስኳሩ ሳይሟሟ ፈልቷል፣ ወይ ሳልሚያኩ አልደቀቀም፣ ወይ የገዛችሁት የላክሪትስ ዱቄት የሥሩ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቅንጣቷን በምላስ ፈልጉ። ከጣፈጠች ስኳር ናት። ካቃጠለች ሳልሚያክ ናት። ጭረት ከሆነች ሥር ናት።

በጣም ይመራል። ላክሪትሱ በዝቷል ወይም አርሯል። ላክሪትስ ሲበዛ ጣፋጭነቱን አልፎ ወደ መራራ ይገባል። «ጣዕሙ ይድመቅ» ተብሎ 20 ግራም የሚጨመርበት ጊዜ አለ። መራራነቱ ይቅርና ግሊሲሪዚኑን አስቡ፤ ከላይ ያሰላነው ሁሉ ይፈርሳል።

የሽንት ሽታ አለው። ይህን በቀጥታ የሚናገር የለም፤ አፍረው «ትንሽ ይሸታል» ይሉኛል። አሞኒያ ነው። ሶዳ ገብቷል፣ ወይም በሳልሚያክ ፋንታ ዩትሁርንሳልት ገብቷል፣ ወይም ሳልሚያኩ እሳት ላይ እያለ ተጨምሯል። ይጣል።

አቀማመጥና ጽዳት

የተጠቀለለው ከረሜላ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ዕቃው ቆርቆሮ አይሁን፤ ጨዉ ያዝገዋል። ብርጭቆ ይሻላል። ላዩ ላይ መጠኑንና በቀን ስንት ፍሬ እንደሚበላ ጻፉበት። አገር ቤት የምትልኩም ከሆነ እንዲሁ አድርጉ፤ ከረሜላ ነው ብለው ግፊት ላለባቸው አባት ዘግነው ሊሰጡ ይችላሉ። ያልተጠቀማችሁበትን ሳልሚያክ ከልጆች እጅ አርቁ፤ ከወጥ ጨው ጋር እንዳይምታታም ስሙን ለጥፉበት።

ድስቱን ፈግፍጋችሁ አትድከሙ። ውሃ ሞልታችሁ አፍሉት፤ ስኳሩ ራሱ ይለቃል። ጥቁሩን ቀለም ለማስለቀቅ ብላችሁ ግን በረኪና አታፍሱበት። በረኪና ከሳልሚያክ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ የጠረጴዛው ጨርቅም በሙቅ ውሃና በሳሙና ብቻ ይታጠቡ።